ባነሩ ላይ የቀረው እጄ

እኔን ብሎ ደግሞ የሰው ልደት አድማቂ። የተወለድኩበትን ቀን የማላውቅ፣ ሦስት ጥርስ የቀረኝ፣ እነሱም ተኳርፈው የማይገናኙ፣ ከመቀመጫዬ ስነሳ ጉልበቴ ጎረቤት የሚቀሰቅስ አሮጊት፣ ምን ልሁን ብዬ ነው የጫልቱ ልደት ውስጥ ዘው ያልኩት? ማንም አልጎተተኝም። ልጇ ለሊሴ መጥታ ደጄ ላይ ቆመችና «አኮ ትብለጥ፣ ማሎ፣ የእማዬን የራስ ቅቤ አንቺ አዘጋጂልን፤ አደስ እንዳንቺ የሚያገባበት ሰው የለም» አለችኝ። አኮ በእነሱ አያት ማለት ነው፣ ማሎ ደግሞ እባክሽ። እዚህ ነቀምቴ ኖረን ኖረን አፋችን ተቀላቅሎ ቀርቷል፤ ስንቆጣ በአማርኛ፣ ስንለምን በኦሮምኛ። እኔ ሞኟ ደግሞ ምስጋና ስሰማ ጆሮዬ ይከፈታል፣ አእምሮዬ ይዘጋል። «እሺ» አልኩ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ልጅቷ ከሄደች በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀናባት የኖርኩትን ሴትዮ ራሷን ላሳምር ተስማምቻለሁ።

ቅናት አልኩ እንጂ ጠብ አላልኩም። ጫልቱ ጎረቤቴ ናት፣ እዚሁ ቀሴ ሰፈር፤ አጥራችን አንድ ነው። የእሷ ዶሮ እኔ ዘንድ እንቁላል ትጥላለች፣ የእኔን ጎመን የእሷ ፍየል ይበላል፣ ተመዛዝነን እንኖራለን። ግን እስቲ ፍረዱኝ። እኔ መነጽር አድርጌ የራሴን ቁርበት ከድመቷ የማልለይ ሴትዮ፣ እሷ ያለ መነጽር መርፌ ትሰካለች። እኔ ሽሮ ሳላምጥ ስውጥ፣ እሷ የበቆሎ ቆሎ እንደ ጎረምሳ ትቆረጥማለች፤ ድምፁ ደግሞ አጥር ተሻግሮ ይሰማኛል፣ ሆን ብላ አጥር ስር እየተቀመጠች ይመስለኛል። በማን ሰርግ ምን ተበላ፣ ማን ተቆጥቶ ወጣ፣ ማን የማንን ጋቢ ለብሶ ሄደ፣ ጠይቋት። ሐኪም ቤት ወስደዋት ልጅ እግሩ ሐኪም ክንዷን ጠፍሮ ደም ግፊት ሲለካ፣ «ልጄ፣ ይሄን ነገር ለራስህ እሰረው፣ ፊትህ ገርጥቷል» አለችው አሉ። ስልክ ላይ ድምጿን እየቀዳች ለልጆቿ ትልካለች። እኔ ስልኬን የማነሳው ሲጮህ ብቻ ነው፣ እሱንም ገልብጬ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይሄን እንኳ እያወራሁ የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። «አኮ፣ ይሄኛው ይቅር» ትለኛለች፤ «ጻፊ» እላታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባጃጅ ይዤ ገበያ ወጣሁ። ከጉቶ ጊዳ የመጡት ቅቤ ሻጮች በኮባ ቅጠል የጠቀለሉትን ደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷን «ሜቃ?» አልኳት፣ ስንት ነው ማለቴ ነው። ዋጋውን ስትነግረኝ «ላሟ የት ታስራለች?» አልኳት። ሳቀች እንጂ አልቀነሰችም። በኛ ጊዜ እኮ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ በሽልንግ ተገዝቶ፣ ሻጯ በላዩ ላይ ምራቂ ብላ አንድ ጣት ራስሽ ላይ ለጥፋ ትሸኝሻለች። ከገበያ የምትመለስ ሴት ግንባሯ ሳያብረቀርቅ አትመለስም ነበር። አሁን ምራቂው ፌስታል ሆኗል። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከጥግ አንዲት ሴት የከረመ፣ ቢጫው የጠቆረ፣ ለወጥ የሚሆን ቅቤ ይዛለች፤ ርካሽ ነው፤ ይሄን ገዝቼ ጫልቱ ራስ ላይ ባደርገው ሦስት ቀን ሰው አይጠጋትም፣ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ አልደብቅም። ግን እጄ እንቢ አለኝ። አፌ ክፉ ነው፣ እጄ ግን መጥፎ ነገር መሥራት አልለመደም። አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ቆንጥሬ አድርጌ አሽትቼ፣ ከሁሉም ለጋውን መርጬ፣ አደሱንም እርጥቡን ገዝቼ ተመለስኩ።

ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ አደሱን ስወቅጥ ሽታው አፍንጫዬ ገባና ይዞኝ ሄደ። የት ወሰደኝ ብትሉኝ፣ እዚያው ሰፈር፣ እዚያው አጥር ስር፣ ጫልቱ ከሲሬ የመጣች ቀን። የጭነት መኪና ላይ፣ በቆሎ የሞላ ጆንያ ላይ ተቀምጣ መጣች፤ አክስቷ ከእኛ አጥር ማዶ ነበር የምትኖረው። ምን ያህል ልጅ እንደነበረች አሁን አልናገርም፤ ቦታው ሲደርስ ትሰሙታላችሁ። ከጆንያው ላይ ሳትወርድ ሰፈሩን አየችው፣ አየችውና ሾፌሩን «ይሄ ነው ወይስ ገና ነው?» አለችው። ሾፌሩ ሳቀ፣ አክስቷ ሳቀች፣ እናቴ ሳትቀር ሳቀች። እናቴን ጎጃም ተወልዳ እዚህ እስክትቀበር ድረስ ያሳቃት ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ እኔ ከነሱ ውስጥ የለሁበትም። ቅናቴ የጀመረው ያን ቀን ነው።

ነቀምቴ ያን ጊዜ እንዲህ አልነበረችም። ቁልቁለቱ ላይ የዓረቡ ሱቅ ነበረ፤ ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ፣ ላምባ በጠርሙስ ቀድቶ ይሸጣል። በስሙኒ ተልከሽ ሄደሽ ቅርጫት ከነክዳኑ ሞልተሽ ትመለሻለሽ። እኔ ስሄድ ለምራቂ ከረሜላ ይሰጠኛል፣ ላምባ ላምባ የሚል። ጫልቱ ስትሄድ መስታወት ሰጣት፤ ትንሽዬ፣ ክብ፣ ጀርባው ላይ አበባ ያለው። ምን አድርጋ እንደተሰጣት ስጠይቃት «ዋጋው ተወደደ አልኩት፤ ስንት ይሁን አለኝ፤ ስንት እንደሆነ ካላወቅህ ለምን ትሸጣለህ አልኩት» አለችኝ። በዚህ መስታወት ይሰጣል? ሰጣት እንግዲህ። የበረንዳው ልብስ ሰፊዎች፣ ከመንገዱ ወዲያ የሚቆሙት ጎረምሶች፣ ከሆለታና ከአምቦ የሚመጡት የመኪና ረዳቶች፣ ሁሉም ስሟን ያውቃሉ። ሰርግ ላይ ልጃገረዶች ሲዘፍኑ የሷን ስም እያስገቡ ያዞሩታል። የኔንስ ብላቸው፣ «ጫልቱ የሚለው ለከበሮ ይመቻል፤ ትብለጥ ሲባል ግን ከበሮው ይደናቀፋል» አሉኝ። እናቴ ከሰው ትብለጥ ብላ ያወጣችልኝ ስም ከበሮ እንኳ አልበለጠም።

ከዚያ ደግሞ ቀድማኝ አገባች። የመኪና ረዳት ነበር፣ ኋላ ሾፌር ሆነ፤ ደጉ ሰው፣ ነፍሱን ይማረው። በሰርጓ ማግስት እናቴ ጠራችኝና «ከዛሬ ጀምሮ እትዬ በያት፤ ባለ ትዳር ናት» አለችኝ። እናቴ ሥርዓት ላይ ቀልድ አታውቅም። «እትዬ ጫልቱ» ብዬ ስጠራት እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ እየወጋኝ ከረምኩ። እኔም ቆይቼ አገባሁ፣ ልብስ ሰፊውን፣ እዚያ በረንዳ ላይ መኪናውን የሚረግጠውን። ግን እትዬው ከአፌ አልወረደ። ኋላ ሽበት ሲመጣ ጥቅሙ ገባኝ። እትዬ ያልሻት ሴት ታላቅሽ ናት፤ እሷ ታላቅ ከሆነች አንቺ ታናሽ ነሽ፤ ታናሽ ከሆንሽ ደግሞ ገና ነሽ። የዋሸሁት ነገር የለም። እኔ እትዬ አልኩ፣ ዕድሜውን የደመረውና የቀነሰው ሰዉ ነው።

ባሌ እንኳ፣ የኔው ባል፣ ለቅናቴ ማገዶ ይጨምር ነበር። አበባ ያለበት ናይለን ከተማውን ያጥለቀለቀበት ጊዜ ነው፤ ያን ያልለበሰች ሴት ገበያ አትወጣም። እኔና ጫልቱ ከአንድ ጣቃ አስቆርጠን ሰጠነው። የሷን በአንድ ቀን ጨረሰው። «የጫልቱ ትከሻ ጨርቁ ራሱ ያውቀዋል፣ ልኬት አያስፈልገውም» አለ። የኔስ ብለው፣ ቀና ብሎ አየኝና «ያንቺ ትከሻ ጨርቅ ይበላል» አለኝ። ሦስት ቀን ሽሮው ላይ ጨው አበዛሁበት። እሱም ሦስት ቀን ውሃ እየጠጣ ሰፋ። ቀሚሶቹ ሲያልቁ ለብሰን፣ ኮንጎ ጫማ አድርገን፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ያለው ፎቶ ቤት ሄድን። ግድግዳው ላይ ሐይቅና ነጭ ወፍ ተስሎበታል፤ እኛ ከሐይቁ ዳር ቆመን የመጣን እንድንመስል ነው። ወንበር አንድ ብቻ ስለነበረ ጫልቱ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ትከሻዋ ላይ እጄን አደረግኩ። ፎቶ አንሺው «አትሳቁ» አለን። እኔ አልሳቅኩም። እሷ ሳቀች፣ አማረባት። ያ ፎቶ እሷ ቤት ነው የኖረው፤ ይሄን ልብ በሉልኝ።

ወደ ዛሬ ልመለስ። የጫልቱን ልደት ወሬ ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ጊምቢ ያለው ልጄ ጋ ደወልኩ። «ለጫልቱ ዘጠና ዓመት ሞላት ብለው ድንኳን ሊጥሉ ነው» አልኩት። «ደስ ይላል» አለኝ። ደስ አይልም አልኩት። ገባው፤ ሞኝ አልወለድኩም። «እማዬ፣ ላንቺም ለመስቀል እናደርግልሻለን፣ አንቺ ስንት ሆነሽ?» ሲለኝ «ከጫልቱ ሁለት ሦስት ዓመት ዝቅ ብል ነው» አልኩት። እና ያንን ይዤ ለጫልቱ አጥር ላይ ነገርኳት፤ የኔም ቀን እንዳለ፣ ያን ቀን ራሴን ቅቤ የምትቀባኝና የምትመርቀኝ እሷ እንደሆነች፣ ታላቄ እሷ ናትና። ልብስ እየሰፋች ነበር፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። ከዚያ «እሺ ትብለጥ» አለች። እዚህ አገር የራስ ቅቤ እንዲሁ አይቀባም። ለእንዲህ ያለ ቀን የሚቀባው ታላቅ ነው፤ የታናሽ እጅ የታላቅ ራስ ላይ አይወጣም። ምርቃት እንደ ውሃ ነው፣ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይፈስም። እኔ የምመኘው ያንን ብቻ ነበር፤ ድንኳን መሀል ቁጭ ብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ቅቤው ግንባሬ ላይ ሲወርድ። ኬኩን ፍየሏ ትብላው።

ቀኑ ደረሰ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ቅቤዬን በሸክላ ጣባ አድርጌ፣ ከሀዳ ገመቹ ጋር ሄድኩ። ሀዳ ገመቹ የገመቹ እናት ማለት ነው፤ በወዲህኛው በኩል ያለችው ጎረቤቴ ናት። መንገድ ዳር በቆሎ ትጠብሳለች፣ ምላሷ በር የለውም፣ ለቄስም ለዳኛም አንቺና አንተ ነው የምትለው። ድንኳኑ በር ላይ ስንደርስ ቆመች። «ያ እጅ የማን ነው?» አለች። ቀና ስል አየሁት። ትልቅ ባነር ሰቅለዋል፤ ጫልቱ፣ ያ ፎቶ፣ ያ ናይለን ቀሚስ፣ ያ ሳቅ፣ ግዙፍ ሆና። የልጅ ልጆቿ እኔን ቆርጠው ጥለውኛል። ሐይቁ አለ፣ ነጩ ወፍ እንኳ አለ። እኔ የለሁም። ትከሻዋ ላይ ግን እጄ ቀርቷል፣ አምስት ጣት፣ ባለቤት የሌለው። ሀዳ ገመቹ እጁን አየች፣ እኔን አየች። «ሌባ ይመስላል» አለች።

ዞሬ ልመለስ ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ጣባው እጄ ላይ ነው፣ ሽታው ደግሞ ቀድሞኝ ገብቷል፤ ሴቶቹ «ቅቤዋ መጣች» ብለው ተቀበሉኝ። ቅቤዋ እንጂ ትብለጥ አላሉም። ጫልቱ መሀል ላይ ተቀምጣለች፣ ልጇ ያሰፋችላት ወርቃማ የሚያብለጨልጭ ነገር ለብሳ። አንድ ልጅ ካሜራ ይዞ ይዞራታል። ጩምቦው ቀርቧል፣ ወፍራሙ ቂጣ ቅቤና እርጎ ጠጥቶ አብጦ ተቀምጧል፤ አንጮቴው ከድንች ይበልጥ ነጥቶ በየሳህኑ ተቆርጧል። ጫልቱ እያንዳንዱን ሰው በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ ከዚያ በሚያፍርበት አንድ ነገር ትቀበላለች። አንዱን ሽማግሌ «ያኔ ጅብ መስሎህ ጥጃህን ያባረርከው አንተ ነህ አይደል?» አለችው፤ ሰው በሳቅ ፈረሰ። የለሊሴ ባል ስለ አማቱ ንግግር ያዘና አላቆም ሲል፣ «ልጄ፣ እኔ ዘጠና ዓመት የኖርኩትን አንተ እንደገና ልትኖረው ነው?» አለችው። ሳቅኩ። እየቀናሁ ሳቅኩ፤ ይሄ ደግሞ ከሁሉም ያመኛል።

ቅቤውን ሊቀባት የታሰበው ከሲሬ የሚመጣው፣ በዓመት የሚበልጣት የአጎቷ ልጅ ኦቦ ነጋሳ ነበር፤ ታላቋ እሱ ብቻ ነው የቀረው ተብሎ። ስንጠብቅ ስልክ ተደወለ። ሽማግሌው አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ወጥቶ ጉልበቱ እንቢ ብሎት፣ ተሸክመው መልሰውታል። ለሊሴ ተጨነቀች። ፓስተሩ ተነስቶ ልጸልይላት አለ፤ ገና አርባ ያልሞላው ልጅ ነው። ጫልቱ «ጸሎቱን ካንተ እቀበላለሁ፤ ቅቤው ግን የታላቅ ነው» አለችው በትሕትና። እንግዲያው ቅቤው ይቅር፣ ቀሚሱንም ያበላሻል፣ አሉ ወጣቶቹ፤ ወደ ኬኩ መሄድ ፈልገዋል። እኔ ጣባዬን ጭኔ ላይ አድርጌ አንገቴን ደፍቻለሁ። ለጋው ቅቤ፣ እርጥቡ አደስ፣ ሁሉ ከንቱ ሊቀር ነው። ትንሽ ደስ አለኝ፣ ትንሽ ደግሞ ከፋኝ። ያኔ ነው ጫልቱ «ታላቄ እዚህ አለች» ያለችው።

ሰው ሁሉ ዞር ዞር ብሎ አየ። እኔም እንደ ሰዉ ዞሬ ወደ ኋላ አየሁ።

«አንቺ ትብለጥ» አለች፣ «ሸራውን ምን ታይዋለሽ? ተነሺ።»

«እትዬ ጫልቱ፣ እኔ እኮ ታናሽሽ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፤ ታናሽ ሊመስልልኝ ብሎ ነው መሰለኝ።

ጫልቱ ወደ ሰዉ ዞረች። ጮክ አላለችም፤ ጮክ አትልም፣ ሰዉ ራሱ ነው ጸጥ የሚልላት። ከሲሬ የመጣች ቀን ራሷ ጋሜ እንደነበረ ነገረቻቸው፤ መሀሉ የተላጨ፣ ዙሪያው ብቻ የቀረ፣ የሕፃን ራስ። ከጆንያው ላይ ሆና አጥር ስር ያየችው ሰው እኔ ነበርኩ አለች። «ጠጉሯ ሹሩባ ተሠርቶ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ነበር። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ናት፣ ጎረምሶቹ እሷን እያዩ ነው እንቅፋት የሚመታቸው። እኔ የተላጨ ራሴን በእጄ ነካሁት። ቀናሁባት፣ እስኪያስለቅሰኝ። ሾፌሩን ያን ነገር ያልኩት እንባዬ እንዳይታይ ነው።»

በደህናው ጆሮዬ በኩል ነበር የተቀመጠችው፤ አንድም ቃል አላመለጠኝም። ቀናሁባት አለች። ጫልቱ። በእኔ።

«ጠጉሬ ሲያድግልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችኝ እሷ ናት» አለች ቀጥላ። «እግሯ መሀል አስቀምጣ፣ ስታገል በጉልበቷ ጨምቃ ይዛ። የመጀመሪያውን ቅቤ የቀባችኝ ይቺ ናት፤ ይሄው አደስ ነው፣ ሽታው ዛሬ በር ላይ ሲደርስ አውቄዋለሁ። እትዬ ስትለኝ ዝም ያልኩት ደስ ስለሚላት ነው። አሁን ግን ዘጠና ዓመት ሞልቶኝ ያለ ቅቤ አልነሳም።» ከዚያ በእጇ ወደ ባነሩ አሳየች። «ደግሞ እናንተ፣ ያ ትከሻዬ ላይ ያለው እጅ የማን መሰላችሁ? ቆርጣችሁ ስትጥሏት እጇ እንቢ ብሎ የቀረው በምክንያት ነው።»

ካሜራው ዞረ። ጫልቱን ትቶ ወደ እኔ። ምን ላድርግ? አይደለሁም ብል የጫልቱ ራስ ደርቆ ይቀራል፣ እኔ ታናሽ ሆኜ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ነኝ ብል በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በቪዲዮ፣ ስንት ዘመን ያስቀመጥኩትን ዕድሜ በአንድ ጊዜ አወጣለሁ። ሁለቱን ስመዝን ጉልበቴ ቀድሞኝ ተነሳ፤ ቋ ብሎ ጮኸ፣ ዕድሜዬን እሱ ተናገረው። ቀስ ብዬ ሄድኩ። ቀስ ያልኩት ስላቃተኝ ብቻ አይደለም፣ በደንብ እንዲያዩኝ ነው።

ራሷን ገለጥኩት። ነጭ፣ ሳሳ ያለ፣ ግን ሙሉ ጠጉር አላት፤ እሱም ደግሞ ያስቀናል። ቅቤውን በሁለት እጄ አፈስኩና መሀል አናቷ ላይ አደረግኩላት። ሞቅ ያለ ነው ራሷ። ያን የልጅነቱን ጊዜ የሚታገለውን ራስ እጄ አወቀው፤ እኔ ረስቼዋለሁ፣ እጄ አልረሳም። ከዚያ ሰዉ ምርቃት ይጠብቃልና ጀመርኩ። «ዘርሽ እንደ አንጮቴ ከመሬት በታች ይወፍር፣ ከመሬት በላይ ይሳብ።» አሜን አሉ። «ጥርስሽ እንደኔ አይኳረፍብሽ።» አሜን። «ዓይንሽ እንደበራ ይኑር። ምላስሽ ግን ትንሽ ይረፍ።» እዚህ ላይ ከአሜኑ ሳቁ በለጠ፣ በእኔ ቀልድ፣ ጫልቱ ቤት፣ በጫልቱ ቀን። ከዚያ ቅቤውን ጨመርኩ። ደግሜ ጨመርኩ። በዛ ያደረግኩት ሳላውቅ አይደለም፤ በግንባሯ ወርዶ፣ በጆሮዋ ዞሮ፣ ያን የሚያብለጨልጭ ወርቃማ ቀሚስ ሲይዘው እያየሁ ነው። ለሊሴ ትንፋሿን ዋጠች። ጫልቱ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ጨምሪ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ «ይሄን ቀሚስ ዳግመኛ እንዳላየው ጨምሪ።» አያችሁ? ተንኮሌን እንኳ ቀድማኝ ተጠቀመችበት።

ስንወጣ ሰው ሁሉ ጉልበቴን እየሳመ ሸኘኝ። በር ድረስ ክንዴን ይዛ የመጣችው ጫልቱ ናት፣ ቅቤዋ እየተንጠባጠበ። «ደህና እደሪ፣ እትዬ ትብለጥ» አለችኝ። የሰጠኋትን እትዬ ሁሉ በአንድ ቃል መለሰችልኝ። የልጅ ልጆቿም ያቺን ፎቶ ሙሉዋን አውጥተው አሳዩኝ፤ አልሳቅኩም ብዬ ነበር፣ ለካ ትንሽ ፈገግ ብያለሁ። ትከሻዬም ጨርቅ አልበላም፤ ባሌ ዋሽቶኛል።

ባዶውን ጣባ ይዤ ከሀዳ ገመቹ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ አፌ አላረፈም። የመስቀሉን ነገር ነገርኳት። ድንኳኑ ከዚህ እንደሚሰፋ፣ ባነሩ ላይ ሁለታችንም ሙሉ ሆነን እንደምንሰቀል፣ ማንም እንደማይቆረጥ፣ ጩምቦው ላይ ቅቤ እንደማይቆጠብ፣ ቀሚሴም ቅቤ የሚችል ነጭ እንደሚሆን፣ መሀል ላይ እንደምቀመጥና ራሴን እንደምገልጥ። ሀዳ ገመቹ እያዳመጠች ነበር። አጥሬ በር ላይ ስንደርስ ቆመች፣ ራሴን አየችው፣ ከዚያ ቀና ብላ የቤቴን ጣሪያ አየች።

«የምን ቅቤ ነው የምታወሪው? አንቺን ማን ሊቀባሽ ነው?» አለች። «ከአንቺ በላይ እኮ አሁን የቀረው ቆርቆሮው ብቻ ነው።»